በአቶ ጌንጎሮ ጨጓራ ውስጥ

አቶ ጌንጎሮ ናንጆ ቁርስ አልበላም አሉ። ቶኪኮ በአንድ እጇ የአባቷን ሳህን፣ በሌላው የሩዝ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኚህ ሽማግሌ ሚስታቸው በሞተች ማግስት እንኳ ሁለት ሳህን ሩዝ በሚሶ ሾርባ አወራርደው የበሉ፣ በለቅሶው ቤት ለእንግዳ የቀረበውን ዓሣ ቀምሰው "ጨው አንሶታል" ያሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ሳልመን፣ የተቆላ እንቁላልና የሚወዱት በጨው የተዘፈዘፈ ራዲሽ ተደርድሮ ሳለ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀምጠዋል። የለበሱት ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ያሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ነው። ጸጉራቸውን በዘይት አስተኝተው፣ ድሮ በጸጉር ቤታቸው ለደንበኛ ይረጩት የነበረውን ሽቶ አንገታቸው ላይ ነስንሰዋል። ጸጉር ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንበሩና መስተዋቱ ግን ምድር ቤት እንዳሉ ናቸው፣ ሽቶውም ገና አላለቀም።

"አሞሃል?" አለች ቶኪኮ።

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

"አልራበኝም አልኩሽ። ሰው አልራበኝም ሲል ማመን ነው።"

ቶኪኮ ሩዙን ወደ ማብሰያው መለሰችው። አባትና ልጅ ከእናትዮዋ ሞት ወዲህ አብረው የሚኖሩት ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን፣ ስለ መታጠቢያው ውኃ ሙቀትና ማን ማቀዝቀዣውን ክፍት እንደተወ እየተነጋገሩ ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር ሲመጣ ሁለቱም ቴሌቪዥን ያያሉ። ቶኪኮ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏን ፈትታ ሃቺዮጂ ወደሚገኘው የአባቷ ቤት ስትመለስ እንኳ አቶ ጌንጎሮ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ "ብስክሌቱን ማን ወሰደው?"

ጫማዋን እያደረገች ሳለ ከኮሪደሩ የአባቷን የስልክ ወሬ ሰማች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እመጣለሁ አልኩ እኮ። ብቻ ልጄ እንዳትሰማ" ይላሉ። ከዚያ ትንሽ ሳቁ። ቶኪኮ አባቷ ስልክ ላይ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ደጁን ዘግታ ወጣች፣ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስም ጉዳዩን አገላብጣ ጨረሰችው። ሙሉ ልብስ፣ ሽቶ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ምስጢር። ሴት ናት። ማን እንደሆነችም ወዲያው መጣላት፦ ከጣቢያው ሥር ልብስ ማጠቢያ ያላት ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ኮማኪ። ግራጫው ልብስ ባለፈው ሳምንት እዚያ ታጥቦ ነው የመጣው፤ አባቷም ደረሰኙን ይዤ ራሴ ካላመጣሁት ብለው ነበር። ቶኪኮ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በፍቅር ምግብ መተዉ ያስቃል ወይስ ያሳስባል እያለች፣ መውረጃዋን አልፋ ልትሄድ ምንም አልቀራት።

የምትሠራበት ኩባንያ ሐኪሞች ሆድ ውስጥ የሚያዩበትን፣ ሕዝቡ "የጨጓራ ካሜራ" የሚለውን ኢንዶስኮፕ ያመርታል። የእሷ ክፍል የያዘው በአፍንጫ የሚገባውን፣ ከእርሳስ የሚቀጥነውን ነው። መቅጠኑ ለታካሚው ደግ ነው፤ ሳያቅለሸልሸው፣ ከፈለገም እያወራ ይመረመራል። ለካሜራው ግን ክፉ ነው። በቀጭን ቱቦ የሚያልፈው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ይጨመር ቢባል ጫፉ ግሎ ሥጋ ይለበልባል። ስለዚህ የጨጓራ ሰፊው ጓዳ፣ በተለይ የላይኛው ጥግ፣ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ካሜራው በዚያ ጨለማ ዓይኑን ሲያፈጥም ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ይህን አሸዋ ለማጥፋት በክፍሉ ውስጥ ሁለት መንገድ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሚያዛኮ ምስሉን ያለሰልሰዋል፤ አሸዋውም፣ ሽብሽቡም፣ ነጠብጣቡም አብሮ ይሟሽሽና የሙሽራ ፊት የመሰለ ነገር ይወጣል። ስሙንም "ሐር" ብሎታል፤ በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ታትሟል። የቶኪኮ መንገድ ሌላ ነው። እሷ እየተከታተሉ የሚመጡትን ምስሎች ሆዱ በተነፈሰና በተንቀሳቀሰ ቁጥር እያስተካከለች አንዱን በሌላው ላይ ትደርባለች፤ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ብርሃን ታጠራቅማለች። አሸዋው በየምስሉ ቦታ ስለሚቀያይር ይከስማል፣ እውነተኛው ነገር ግን ባለበት ስለሚገኝ ይጎላል። የሚወጣው ምስል ሻከር ይላል፣ አያምርም። ስምም የለውም፤ ሁሉም "ቁጥር ሁለት" ነው የሚለው።

ሙከራው የሚደረገው በቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ነው። የቃሪያ ሆድ የሚያብለጨልጭና እጥፋት ያለው ስለሆነ ከሰው ጨጓራ ጋር አይራራቅም። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ቃሪያ ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ቱቦ የገባበትን ለራት እየወሰዱ የየቤታቸው ሰው ቃሪያ አንገሽግሾታል። አንድ ቀን አቶ ሚያዛኮ በሐር የታየውን ቃሪያ በኩራት አሳያት። ከቃሪያው ውስጥ ፍሬዎቹ ጠፍተዋል።

"አየሽ እንዴት እንደጸዳ?" አላት።

"ፍሬ ነበረው እኮ።"

"ለሐኪም ፍሬ ምን ያደርግለታል?"

አቶ ሚያዛኮ ክፉ ሰው አይደለም፤ በየዓመቱ መጨረሻ ለሁሉም ሠራተኛ ብርቱካን በካርቶን ያመጣል፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሲያንቀላፋ ድምፁን ይቀንሳል። ብቻ የሚያምር ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

አባቷ ቁርስ አልበላም ባሉበት ጠዋት ማሽኑን በኩባንያው መኪና ጭነው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ፈቃደኛ ሰዎች በአዲሱ ካሜራ የሚመረመሩበት ጥናት ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ኩባንያው የሰዎቹን ስም አያውቅም፣ የሚነገረው ቁጥራቸው ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ለያንዳንዱ ፈቃደኛ በከሰል የተጠበሰ ኡናጊ፣ ያ ረጅሙ ዓሣ፣ በሩዝ ላይ ተነጥፎ የሚበላበት የምሳ ኩፖን ይሰጣል። መኪናው ውስጥ አቶ ሚያዛኮ ስልክ እያወራ ነበር። "ቁጥር ሁለትማ ከመጪው ወር ጀምሮ ከማሽኑ ይወጣል፤ ሁለት ቁልፍ ሐኪሞቹን ግራ ያጋባል" አለ፣ ከኋላው ሰው መኖሩን ፈጽሞ ረስቶ። ቶኪኮ በመስኮቱ የሚያልፉትን የመኖሪያ ሕንፃዎችና በየበረንዳው የተሰጡትን ብርድ ልብሶች አየች። ሰው ለዓመታት የለፋበት ነገር ሲጣል የሚሰማው ስሜት ትልቅ ይመስላት ነበር፤ የተሰማት ግን ጫማዋ ውስጥ ጠጠር እንደገባ ዓይነት ብቻ ነው። አቶ ሚያዛኮ ስልኩን ዘግቶ ወደ ኋላ ዞረና ደነገጠ።

"ዛሬ በሐር ብቻ ነው የምንሠራው" አላት፣ መነጽሩን እየጠረገ። "ቁጥር ሁለትን አትንኪው። እሺ?"

"ሰምቻለሁ" አለች። እሺ አላለችም።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ መብራቱ ደብዝዟል፤ አልጋው፣ ማሽኑ፣ ሁለት ማሳያና አምስት ሰው ከገቡበት ለመዞር አይመችም። ዶክተር ኢጉሳ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ታካሚ ሳታስቅ የማትሰድ ሴት ናት። ቶኪኮ ከማሽኑ ፊት፣ አቶ ሚያዛኮ ከጀርባዋ ቆሙ። በሩ ተከፍቶ ነርሷ ፈቃደኛውን አስገባች። የሆስፒታል ነጠላ ልብስ፣ ከታች ጥቁር የሠርግ ካልሲ፣ ከላይ በዘይት የተኛ ጸጉር። ሽቶው ቀድሞ ነበር የገባው።

ቶኪኮ መጀመሪያ ያሰበችው ወይዘሮ ኮማኪ የት ሄደች ብላ ነው። "አባዬ?" አለች።

"ሥራሽን ሥሪ" አሉ አቶ ጌንጎሮ፣ አልጋው ላይ እየወጡ።

"ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለች ዶክተር ኢጉሳ።

"በዓይን" አሉ ሽማግሌው።

አቶ ሚያዛኮ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የሠራተኛ ዘመድ ከሆኑ ምናልባት ለሌላ ቀን ቢተላለፍ፣ ሲል ጀመረ። ዶክተሯ የምትመረምረው እሷ እንደሆነች፣ ማሽን ደግሞ ዘመድ እንደማያውቅ ነገረችው፤ ወደ ታካሚውም ዞራ ልጃቸው እያለች መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አቶ ጌንጎሮ ስለ ኡናጊው ቃል እንደተገባላቸው አስታወሱ። ቶኪኮ በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ይህን ምርመራ አድርግ ብላ ትለምናቸዋለች፤ በየዓመቱም "እኔ አፌን የምከፍተው ለመብላትና ለማዛጋት ነው" እያሉ ይመልሷታል። ምግብ ቤት ያላት ልጅ አባቷ ጎረቤት ሄዶ ሲበላ የሚሰማት ዓይነት ነገር ይሰማት ነበር፤ ግን ተናግራው አታውቅም።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልበሉም አይደል አባባ?" አለች ዶክተሯ፣ አፍንጫቸውን እያደነዘዘች።

"ምንም።"

"ቁርስስ?"

"ልጄን ጠይቂያት። ሳህኑን ይዛ ቆማ ነበር።"

ቱቦው ገባ። አቶ ጌንጎሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። በማሳያው ላይ አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ ከዚያ የሚወርድ ቀይ ዋሻ ታየ፤ ሐር በርቶ ስለነበር ሁሉም ነገር አዲስ የተወለወለ ይመስላል። ዶክተሯ ቱቦውን አጥፋ ወደ ላይኛው ጥግ አዞረችው። በሌላ ጊዜ ጨለማ የነበረው ቦታ ሮዝና ልስልስ ሆኖ ወጣ። አቶ ሚያዛኮ "ያምራል" አለ ለራሱ። ቶኪኮ የአባቷን ጨጓራ እያየች የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ውስጡ እንዲህ ሊሆን እንደማይችል ታውቅ ነበር። አባቷ በውጭ እንኳ እንዲህ የጸዳ ነገር የላቸውም።

"በጣም ጸዳብኝ" አለች ዶክተር ኢጉሳ። "የእኔ ወጥ ቤት እንኳ እንዲህ አይደለም። ያለው ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው" አለ አቶ ሚያዛኮ።

ቶኪኮ ቁልፉን አየችው። ብትጫነውና አሸዋ ብቻ ቢወጣ ቁጥር ሁለት በዚያው ቀን መሞቱ ነው፤ ያውም በአባቷ ፊት። ባትጫነውስ? አልጋው ላይ የተኛው ሰው አንድ ዓይኑን ከፍቶ እሷን እያየ ነበር፣ ድሮ በመስተዋት ውስጥ ደንበኛን ያይ እንደነበረው። ተጫነችው።

በአንደኛው ማሳያ ላይ ምስሉ ሻከረ፣ ጥላና ሽብሽብ አወጣ፣ ጥጉም ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ጉልት ጉልት አሉ። "አሸዋ ነው" አለ አቶ ሚያዛኮ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነግሬሽ ነበር።"

"አሸዋ ቢሆን ይጠፋ ነበር" አለች ቶኪኮ። "ባሉበት ነው ያሉት። እውነተኛ ነገር ናቸው።"

"እንዲህ ጥቁር ሆኖ?" ዶክተሯ ወደ ማሳያው ተጠጋች፤ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። በቱቦው ውኃ ረጨች። አንዱ ነጠብጣብ ተነሥቶ ዋኘ። ሌላው ተከተለው። አንዱ ካሜራው አፍንጫ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ሞላላ ነው፣ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከጎኑ ቅርፊቱ ላይ ያለው መስመር እንኳ ይታያል።

"ሰሊጥ" አለች ዶክተር ኢጉሳ።

"ሰሊጥ አልበላሁም" አሉ አቶ ጌንጎሮ፣ ቱቦው አፍንጫቸው ውስጥ እንዳለ።

"አባባ፣ እያየሁት ነው።"

"የድሮ ይሆናል።"

"አባዬ" አለች ቶኪኮ፣ "ጣቢያው አጠገብ ያለው የጣፋጭ ሱቅ?"

ሽማግሌው የጥቁር ሰሊጥ ዳንጎ፣ ያ የሩዝ ዱቄት ድቡልቡል ጣፋጭ፣ እንደነበረ፣ ትንሽ ፍሬ እንደነበረች፣ ሻጯ ራሷ ቅመሱ ብላ እንደሰጠቻቸውና የተሰጠ ነገር ምግብ እንደማይባል አስረዱ። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሯ ምርመራ ላይ ያለ ሆድ ሲስቅ ካሜራው እንደሚዘል ነግራቸው ዝም እንዲሉ ለመነች፤ እሷ ራሷ ግን ሳቁ አልለቀቃት ብሎ ቱቦውን ይዛ ቆማ ቀረች። አቶ ሚያዛኮ ብቻ አልሳቀም። ወደ ሌላኛው ማሳያ፣ ሐር ወደሚታይበት ዞሮ ያያል። እዚያ ሰሊጥ የሚባል ነገር የለም። ሮዝ ሜዳ ብቻ ነው፤ ውኃው እንኳ አይታይም።

ዶክተሯ አጥባ፣ መጥጣ፣ ሰሊጡን አንድ በአንድ አወጣች። ሲጠራ አንድ ነጠብጣብ ቀረ። ረጨችበት፤ አልተነሣም። ደግማ ረጨች። ጥቁር አይደለም፣ ወደ ቀይ ያደላ፣ የጠፈጠፉት ያህል ዝርግ፣ ዳርቻው የተበላ የሚመስል ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሳቅ ሁሉ ቀስ ብሎ ወጣ።

"ይኼኛው ሰሊጥ አይደለም" አለች። "ቁልፉን አትንኪብኝ፤ እንዲሁ ያዢልኝ።"

ቶኪኮ ያዘች። ከቱቦው ጫፍ ትንሽ መቆንጠጫ ወጥቶ ከዚያ ነገር ጥቂት ሲወስድ፣ አንዲት የደም ነጠብጣብ ሲወርድ አየች። የአባቷን እጅ መያዝ ፈልጋ ነበር፤ ግን እጇ ማሽኑ ላይ ነው። አቶ ጌንጎሮ አንድ ጊዜ ብቻ ዋጡ። በማሳያው ላይ መላው ጨጓራ ተነሥቶ ወረደ፣ ምስሉ ግን አልተበተነም።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ዶክተሯ ሁለቱን አስቀምጣ፣ ናሙናው ሳይመረመር ምንም ማለት እንደማይቻል፣ እንደምትጠረጥረው ካንሰር ቢሆን እንኳ ገና ጅምር ላይ ስለሆነ በዚያው ካሜራ ሊነሣ እንደሚችል ነገረቻቸው። "በዚያኛው ምስል ቢሆን" አለች ወደ ሐሩ እያመለከተች፣ "ጨጓራዎ የሃያ ዓመት ልጅ ነው ብዬ ነበር ወደ ቤት የምሰድዎት።" ውጤቱ በኋላ ሲመጣ ጥርጣሬዋ ልክ ሆነ፤ ያም ነገር ሥር ሳይሰድ ክረምቱ ሳይገባ ተቆርጦ ወጣ። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ ስላልነበረ አቶ ጌንጎሮ ያሳሰባቸው ሌላ ነበር። ናሙና የተወሰደበት ሰው እስከ ነገ ገንፎ ብቻ ነው የሚበላው፤ ኡናጊ አይፈቀድም።

"በባዶ ሆዴ ያን ያህል መንገድ መጥቼ?" አሉ።

"ባዶ ሆድህን አልመጣህም" አለች ቶኪኮ።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ሚያዛኮ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "አባትሽ ስለሆኑ አዝናለሁ" አለ፤ ከዚያ ይህ ትክክለኛ ቃል እንዳልሆነ ገብቶት "ማለቴ ስለተገኘ ደስ ብሎኛል" አለ፤ እሱም አልጣመውም። በመጨረሻ "ቁጥር ሁለት ስም ያስፈልገዋል። ሐር አንድ ጊዜ ታትሟል፣ መቼም አይጠፋም። ከጎኑ 'ሰሊጥ' ብንለውስ?" አላት። ቶኪኮ ሰውየው እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው። አይቀልድም። የማስታወቂያ ወረቀቱን አውጥቶ ከሐር ጎን ባለው ባዶ ቦታ በእስክሪብቶ ይጽፍ ነበር። ፊደሉን አሳምሮ።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ዶክተር ኢጉሳ ለአቶ ጌንጎሮ የጨጓራቸውን ፎቶ በወፍራም ወረቀት አትማ ሰጥታቸዋለች። ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ስላልነበረ እሳቸው ከአንዲት ሽንኩርት የያዘች ሴት ጎን ተቀመጡ፤ ቶኪኮ ከኋላቸው ያለውን ወንበር አገኘች። ለምን እንደመጡ ሆስፒታሉ ምግብ ቤት ውስጥ ለብ ያለ የሩዝ ገንፎ ሲጠጡ ጠይቃቸው ነበር፤ "ኡናጊ ነዋ፣ ሌላ ምን" ብለው ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። አሁን ከፊቷ የሚታያት ያ በዘይት የተኛ ጸጉር ብቻ ነው። ፎቶውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። ሴትዮዋም በጎን አየችው።

"የዓሣ እንቁላል ነው?" አለች።

"የኔ ጨጓራ ነው።"

ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አቶ ጌንጎሮ ግን ፎቶውን ወደ እሷ አስጠጉላት፣ በጣታቸውም ጥጉን አሳዩዋት። "ይኼ ቦታ ጨለማ ነው። ሁልጊዜም ጨለማ ነበር። ካሜራ ገብቶ እንኳ አያየውም። ልጄ ናት ያየችው።"

"ሐኪም ናት?"

"አይደለችም። ብርሃኑን ነው የምታጠራቅመው። ከዚህም ትንሽ፣ ከዚያም ትንሽ። ቆይቶ እንዲህ ይሆናል።" ይህን ሲሉ እጃቸው የሚለቅም ሰው እጅ ይመስል ነበር። ቶኪኮ ስለ ሥራዋ ለአባቷ ተናግራ አታውቅም፤ ከየት እንደሰሙት አልገባትም። ምናልባት ጠዋት በስልክ ያወሯትን ነርስ ጠይቀው ይሆናል። ምናልባት ሰዎች ጸጉራቸውን ሲቆረጡ የሚያወሩትን ሁሉ ዝም ብለው ይሰሙ እንደነበረው፣ እሷ ማታ ማታ ስልክ ላይ ስታወራ ሰምተው ይሆናል።

ሴትዮዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። በቦታዋ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተቀመጠ። አቶ ጌንጎሮ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ፎቶውን ወደ እሱ አዞሩትና "ምን ይመስልዎታል?" አሉት። የእነሱ መውረጃ ደረሰ። ቶኪኮ ሾፌሩን ለማስቆም ደወሉን ልትጫን እጇን አነሣች፤ አባቷ ገና ጥጉን በጣታቸው እያሳዩ ነበርና መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው። አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ።